የብርታት ብድር፦ ከአነቃቂ ዕፅ ሱስ እንዴት ይወጣል?

በዛሬው ዕትማችን ከተለመደው የራሽንና የውኃ ወሬ ትንሽ ፈቀቅ ብለን፣ የብዙዎቻችንን ቤት አንኳኩቶ ሳለ በግልጽ የማናወራውን ጉዳይ እናነሣለን። ጉዳዩ ሱስ ነው። ያውም ጫት፣ "አይስ" የሚባለው ዕፅ፣ ካፕታጎንና ሌሎች እንቅልፍ የሚነሡ ክኒኖች የሚያመጡት ሱስ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው ስለ ሱስ ብዙ ስለምናውቅ አይደለም። እንዲያውም ባለማወቃችን አንድ ተማሪያችንን በድለን ስለነበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው

ባለፈው የአጨዳ ወቅት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን መካከል አምስት ወንዶች ልጆች በገዳሪፍ ዙሪያ ወዳሉት ሰፋፊ እርሻዎች፣ እኛ በዓረብኛው "መሽሩዕ" ወደምንላቸው፣ ሰሊጥ ለማጨድ ሄዱ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ራሽን ሲያጥር ወጣቱ በሎሪ ተጭኖ ወደ ካምቦ ይወርዳል፤ የሚያመጣት ጥቂት ጅነህ ለእናቱ ስኳርና ዘይት ትሆናለች።

ከአምስቱ አራቱ ደኅና ተመለሱ። አምስተኛው፣ ስሙን የማንጠቅሰው የ19 ዓመት ልጅ፣ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ሌሊት አይተኛም፣ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ በየደቂቃው ወደ ኋላው ይዞራል። አንድ ቀን የክፍሉ የሶላር መብራት ጠፋ፤ ሲጣራ እሱ ወስዶ ሱቅ ሸጦታል። እኛ መምህራን ተሰበሰብን፣ በአንድ ድምፅም ስሙን ከመዝገብ ሰረዝን። ስብሰባው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

በሳምንቱ እናቱ ትምህርት ቤት መጡ። ራኩባው ሥር ቁጭ ብለው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "መምህሮቼ፣ ልጄን አስሬዋለሁ" አሉን። ቀልድ መስሎን ነበር። እውነታቸውን ነው። የፍየል ገመድ አምጥተው እጁንና እግሩን ከመጠለያው ቋሚ ጋር አስረውታል። "ጎረቤት ሊገድለኝ ነው ይላል። ሣር ክዳኑ ውስጥ ሰው ያወራል ይላል። ቢላ ይዞ ወጣብኝ። ምን ላድርግ? እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይኼ ነገር መድኃኒት አለው ወይስ የለውም? እሱን ብቻ ንገሩኝ።"

መልስ አልነበረንም። ተያየን፣ ዝም አልን። ከዚያን ቀን ጀምረን ያነበብነውን፣ የጠየቅነውንና ያየነውን ነው እንግዲህ ዛሬ ለእናንተ የምናቀርበው። ለእናቲቱ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

"አነቃቂ" ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጫትን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከአወዳይ እስከ ወንዶ ገነት፣ ከጉራጌ እስከ ባሕር ዳር ዙሪያ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 ከመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 12 ከመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ቶሎ ኃይሉን ያጣል። ነጋዴው ጫቱን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ መኪናውን እንደ አምቡላንስ የሚያስበርረው በዚህ ምክንያት ነው።

"አይስ" የሚባለው ደግሞ ሜታምፌታሚን ነው። አንድ ጃፓናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1893 የሠራው ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመንና የጃፓን ወታደሮች እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይወስዱት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በጃፓን የቀረው ክኒን ወደ ገበያ ወጥቶ ብዙ ሰው ሱሰኛ ስላደረገ፣ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1951 ልዩ የመቆጣጠሪያ ሕግ ለማውጣት ተገደደ። ጦርነትና አነቃቂ ዕፅ የቆየ ዝምድና አላቸው ማለት ነው።

ካፕታጎን እ.ኤ.አ. በ1961 በጀርመን አገር የተሠራ መድኃኒት ነበር፤ በ1986 በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ገባ። ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው ክኒን ግን በአብዛኛው በድብቅ የሚሠራ አምፌታሚን ከካፌይንና ከሌላ ሌላ ነገር ጋር የተቀላቀለበት ነው። የሚውጠው ሰው ምን እንደዋጠ አያውቅም።

በሱዳን የአይስ ጉዳይ ከአሁኑ ጦርነት በፊትም አሳሳቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ መንግሥት ዕፅን ለመዋጋት አገር አቀፍ ዘመቻ አውጆ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ጦርነቱ ፈነዳና ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍና ወደ ሌሎች ክልሎች ተሰደደ። ዘመቻው ቀረ፤ ዕፁ ግን አልቀረም።

እነዚህ ሁሉ ስማቸውና ጉልበታቸው ቢለያይም ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። በአእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባል፣ ደስታና ተነሣሽነት የሚሰጥ ኬሚካል አለ። ስንበላ፣ ስንወደስ፣ የምንወደውን ሰው ስናይ በመጠኑ ይፈልቃል። አነቃቂ ዕፅ ይህንን በግድ ያስፈልቀዋል፤ አይስ ደግሞ ከጫት ይልቅ እጅግ አብዝቶ። ሰውየው ረኃብ፣ ድካም፣ እንቅልፍ የጠፋለት ይመስለዋል። ነገር ግን ዕፁ አዲስ ብርታት አልሰጠውም፤ የነገን ብርታት ነው ያበደረው። ብድሩ ሲመለስ ደግሞ ከወለድ ጋር ነው።

ለምን በሰሊጥ አጨዳ?

ሰሊጥን የሚያውቅ ገበሬ ይህን ያውቃል። ፍሬው ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም። ከረጢቱ ደርቆ አፉን ከከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ቶሎ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ ሆኖ መቆም አለበት። ባለ እርሻው ይቸኩላል፣ ወኪሉ ይጮኻል፣ ክፍያው በሠሩት ልክ ነው። በዚያ ፀሐይ ጎንበስ ብሎ ለሚውል ልጅ "ይህችን ዋጥ፣ አይደክምህም" የሚል ሰው ሲመጣ እምቢ ማለት ከባድ ነው።

ተማሪያችን በኋላ እንዲህ ሲል ነገረን፦ "ቲቸር፣ መጀመሪያ ቀን በነጻ ነው የሰጡኝ። የሁለት ሰው ሥራ ሠራሁ፤ ሁሉም አጨበጨበልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ካልወሰድኩ መነሣት አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ወኪሉ የሚከፍለኝን ገንዘብ ማታ ለሻጩ እሰጣለሁ። ወር ሙሉ ሠርቼ ይዤ የመጣሁት የሎሪ መሳፈሪያ ብቻ ነው።"

ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሲቆም ምን ይመጣል?

ጫት ያቆመ ሰው ሐራራውን ያውቀዋል። ሰውነት ይዝላል፣ ሰው ያስጠላል፣ ሌሊት ዱካክ እየመጣ ያስጨንቃል። ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

አይስና ክኒን ሲቆም ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውየው እንደ ሬሳ ይተኛል፣ ሲነቃ ያለ ልክ ይበላል። ከዚያ ድብርት፣ ቁጣና ብርቱ አምሮት ይከተላል። ከባዱ ጊዜ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው፤ አምሮቱ ግን ለብዙ ሳምንታት፣ ለአንዳንዱም ለወራት እየተመላለሰ ይጎበኘዋል። ይህ ሐራራ በራሱ እምብዛም አይገድልም። የሚገድለው ከሱ ጋር የሚመጣው ተስፋ መቁረጥ ነው። በእነዚያ ሳምንታት "መኖር ሰለቸኝ" የሚል ቃል ከተሰማ እንደ ተራ ወሬ አይታለፍ። ሰውየው ብቻውን እንዳያድር፣ ገመድ፣ ስለትና የተባይ መድኃኒት ከአጠገቡ እንዲርቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ብዙ ቃሚ ምርቃናውን ለማብረድ ማታ ጨብሲ ብሎ ዓረቄ ይጠጣል፤ ሌላው ትራማዶል ይውጣል። በየቀኑ ብዙ መጠጥ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል። ትራማዶልንም በድንገት ማቆም ብርቱ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ ሁለቱን ደባልቆ የሚወስድ ሰው ያለ ጤና ባለሙያ ምክር በአንድ ቀን "ሁሉንም ተውኩ" እንዳይል።

መድኃኒት አለው ወይ?

ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለስ። አለው ወይስ የለውም?

በእውነቱ ከሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ለአይስም ሆነ ለጫት ሱስ "ይህን ዋጥና ይለቅሃል" የሚባል ጸድቆ የወጣ ክኒን የለም። ሙከራ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ 403 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱን አሳትሞ ነበር። ናልትሬክሶን የሚባል መርፌና ቡፕሮፒዮን የሚባል ክኒን አንድ ላይ ከተሰጣቸው ሰዎች 13.6 ከመቶ ያህሉ ጥሩ ለውጥ አሳይተዋል፤ የማስመሰያ መድኃኒት ከወሰዱት ግን 2.5 ከመቶ ብቻ። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ያም ሆኖ ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡትን አልረዳም። ስለዚህ "የሱስ መድኃኒት አለኝ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው አትመኑ።

መድኃኒት የለውም ማለት ግን ሕክምና የለውም ማለት አይደለም። እኛም ይህ ልዩነት የገባን ቆይቶ ነው። ዛሬ የሚሠራባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ ያበጠውን ማርገብ። ዕፁ ድምፅ ማሰማትና ሰውን መጠራጠር ሲያመጣ ለዚያ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ዕፁ ከቆመ በቀናት ውስጥ ድምፁ ይጠፋል፤ ባለሙያው ለአጭር ጊዜ ማረጋጊያ ይሰጣል። ከወር በላይ ከቀጠለ ሌላ የአእምሮ ሕመም ሊኖር ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኤንኤችሲአር እ.ኤ.አ. በ2015 በስደትና በአደጋ ሥፍራ ላሉ ጤና ሠራተኞች ባወጡት መመሪያ ውስጥ የመጠጥና የዕፅ ሱስ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ይህም ማለት ልዩ ሐኪም ባይኖርም፣ የሠለጠነ ነርስ ብዙ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የምክር ሕክምና። ይህ ተግሣጽ አይደለም። "ቤተሰብህን አዋረድክ" ማለትም አይደለም። ባለሙያው ከሰውየው ጋር ተቀምጦ አምሮቱ መቼ እንደሚነሣ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ሲይዝ ነው? ከማን ጋር ሲሆን ነው? ሲርበው ነው? ሲናደድ ነው? ከዚያ ለእያንዳንዱ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ይስማማሉ። በሎስ አንጀለስ ከተማ በ1980ዎቹ ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተ አንድ አሠራር ሰውየው ወደ ቤቱ እየተመለሰ ለ16 ሳምንታት የሚከታተለው ነው። የምክር፣ የቤተሰብ ትምህርትና የቡድን ውይይት በአንድ ላይ ይዟል።

ሦስተኛ፣ ሽልማት። ይህ ብዙዎቻችንን ያስቃል። ይሁን እንጂ ለአነቃቂ ሱስ እስካሁን ብርቱ ማስረጃ ያለው መንገድ ይኸው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ቬርሞንት ክፍለ ግዛት ተመራማሪዎች የኮኬይን ሱሰኞችን ሽንት እየመረመሩ፣ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ዕቃ የሚገዛ ኩፖን ይሰጡ ጀመር። ንጹሕ ሆኖ በቆየ ቁጥር የኩፖኑ ዋጋ ይጨምራል፤ ከወሰደ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ምክንያቱም ዕፁ የሚሸልመው ዛሬውኑ ነው፣ ንጽሕና ግን የሚሸልመው ከዓመት በኋላ ነው። ኩፖኑ ያንን ክፍተት ይሞላል።

አራተኛ፣ የሚያድኑ ሰዎች መሰባሰብ። በሱሱ ያለፉ ሰዎች ተገናኝተው የሚነጋገሩበት ቡድን ወጪ የለውም፤ ጥላና ጀበና ካለ ይበቃል። ብቻውን የሚታገል ሰው ብዙ ጊዜ ይሸነፋል፤ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

አምስተኛ፣ ተኝቶ መታከም። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ለእኛ ግን አማኑኤል ሩቅ ነው፤ ርቀቱም የኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። በሱዳን በኩል ደግሞ በኦምዱርማን በታላቁ የሱዳን የአእምሮ ሐኪም በቲጃኒ አልማሒ ስም የሚጠራ ሆስፒታል አለ። ቲጃኒ አልማሒ በአፍሪካ ቀደምት ከሆኑት የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ ሲሆኑ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለዓለም ጤና ድርጅት ስለ ጫት ጥናት የጻፉ ሰው ናቸው። ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን በካርቱምና በኦምዱርማን አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ሥራ አቁመው ነበር። ስለዚህ በዚህ ድንበር አካባቢ ላለ ሰው "ሆስፒታል አስገቡት" ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

ፀበልና መሲድስ?

ይህን መዝለል አንችልም፤ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። የእኛ ሰው ወደ ፀበል ይወስዳል፤ ሱዳናዊው ጎረቤታችን ወደ ሼኩ መሲድ። ቲጃኒ አልማሒም ከባህላዊ ሐኪሞች ጋር ተግባብተው በመሥራት የታወቁ ነበሩ። ሰውየውን ከሻጩ ያርቀዋል፣ ቀኑን በሥርዓት ይሞላለታል፣ ተስፋ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ይጠቅማል። ሦስት ነገር ግን እንለምናለን፦ አይታሰር፣ አይገረፍ፣ ሐኪም የሰጠው ክኒን ካለ አይቋረጥ። እግዚአብሔርም አላህም ክኒን ዋጠ ብለው የሚቀየሙ አይመስለንም።

ገመዱ የተፈታበት ቀን

እናቲቱን ይዘን መጀመሪያ የሄድንበት አንድ ጤና ጣቢያ "ይህ የፖሊስ ጉዳይ ነው" ብሎ መለሰን። ፈራን። ሁለት ቀን ባከነ። በኋላ ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣ አንድ ሱዳናዊ የአእምሮ ጤና ነርስ በአካባቢው እንደሚሠራ ሰማንና ሄደን ለመንነው። ወደ መጠለያው ሲመጣ ያደረገውን ብትማሩበት ብለን እንጽፈዋለን።

መጀመሪያ የተሰበሰበውን ጎረቤት በትሕትና አስወጣ። መብራቱን አሳነሰ። ልጁ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎኑ ተቀመጠ። ስለ ድምፁ ሲነግረው "ውሸት ነው" አላለውም፣ "እኔም እሰማለሁ" አላለውም፤ "አንተን በጣም እንዳስፈራህ ይገባኛል" ነው ያለው። ውኃ ሰጠው። ቢላውንና መጥረቢያውን እናቲቱ ከቤት እንዲያወጡ አደረገ። ከዚያ በኋላ ገመዱን ራሱ ፈታ። አስተርጓሚ ሲያስፈልግ እናቲቱ "ጎረቤት አይሁን" ስላሉ ከእኛ አንዱ አስተረጎመ። የሰማነው እዚያው ይቀራል ብለን ቃል ገባን።

ማረጋጊያ ለጥቂት ቀናት ወሰደ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ተኛ። እናቱ ሞተብኝ ብለው በሌሊት መጡብን። ነርሱ ሳቅ ብሎ፣ "እማማ፣ ይተኛ። ብድሩን እየከፈለ ነው። ሲነቃ ውኃና ገንፎ ይስጡት" አላቸው። የዚህን ጽሑፍ ርእስ ያገኘነው ከዚያ ነው።

በሳምንቱ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከነርሱ ጋር ይገናኝ ጀመር። እኛ መምህራንም የቬርሞንቱን ነገር በአቅማችን ሞከርን። የሽንት መመርመሪያ የለንም፤ መመርመሪያ ከሌለ ነገሩ እንደሚዳከም እናውቃለን። ሆኖም ነርሱ አይቶት፣ እናቱም መስክረው ሳምንቱ ደኅና ካለፈ ሳሙና፣ በሁለተኛው ስኳር፣ በሦስተኛው ቡና እያልን አዋጣን። ቡናውን የሚያፈሉት እናቱ ናቸው። ልጁም "ይኼ የኔ ነው" እያለ ለጎረቤት ሲያቀርብ አየነው።

በሁለተኛው ወር ወደቀ። አጎቱ በሐዋላ ገንዘብ ልኮለት ነበር፤ ገንዘቡ እጁ በገባ ዕለት ጠፋ፣ ከሁለት ሌሊት በኋላ ተመለሰ። እኛም እንደገና ተሰበሰብን። ከመካከላችን "አላልኳችሁም?" ያለ ነበር። ነርሱን ስንጠይቀው፣ "የስኳር በሽተኛ ስኳሩ ከፍ ሲልበት ከሕክምና ታባርሩታላችሁ?" አለን። በእርግጥም በሱስ ሕክምና ካለፉ ሰዎች ከ40 እስከ 60 ከመቶ የሚሆኑት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ሊመለሱበት እንደሚችሉ ይነገራል፤ ይህም ደም ግፊትና አስም ካለባቸው ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ሽልማቱ ከሳሙና ጀመረ፤ ገንዘብ ሲላክ ደግሞ በእናቱ በኩል እንዲመጣ ተስማማን። የዚያን ዕለት ስሙን መዝገብ ላይ መልሰን ጻፍነው። ያን ጊዜ ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ትዕግሥት የሚጠይቅበት ምክንያትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት አይስ ካቆሙ ከ12 እስከ 17 ወር የሆናቸውን ሰዎች አእምሮ አንሥቶ ሲያይ፣ ዕፁ ያጎደለው የዶፓሚን አሠራር በብዛት ተመልሶ ነበር፤ ትውስታቸውና ቅልጥፍናቸው ግን በዚያው ልክ ገና አልተመለሰም። እንግዲህ "ሁለት ወር ሆነው፣ አሁንም ይረሳል፣ አሁንም ይፈዛል" ብላችሁ ልጁን ጀዝባ አትበሉት። አእምሮው ገና እየታደሰ ነው።

ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለበት መቼ ነው?

ዕፅ የወሰደ ሰው ደረቱን ካመመው፣ ከተንፈራገጠ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ራሱን እጎዳለሁ ካለ። እነዚህ ዕፆች የሰውነትን ሙቀት ይጨምራሉ፤ የገዳሪፍ ፀሐይ ሲታከልበት ይገድላሉ። እስኪደርስ ድረስ ጥላ ሥር አድርጉት፣ ልብሱን አላሉ፣ በውኃ የራሰ ጨርቅ አንገቱና ብብቱ ላይ አድርጉ፣ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፉ አታፍስሱ፤ በጎኑ አስተኙት። ምን እንደወሰደ የምታውቁ ከሆነ ለባለሙያው አትደብቁ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም"።

ሎሪው ሊመጣ ነው

ልጃችን ዛሬ ስምንተኛ ወሩ ላይ ነው። ከዚያች ሁለት ሌሊት ወዲህ አልወሰደም። ነገር ግን ሰሊጡ እየደረሰ ነው፣ እናቱም ሱቅ ዕዳ አለባቸው። "ቲቸር፣ ቁጭ ብዬ እንዴት እበላለሁ?" ብሎ ጠየቀን። እውነቱን ነው። ሱስን የሚመክር ሰው ስለ እንጀራ ካልተናገረ ምክሩ ጎዶሎ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። ወደ ሩቁ ካምቦ አይሄድም፤ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቅርብ እርሻ ላይ ይሠራል። የሚሄደው ምንም ከማይወስዱ ሁለት ልጆች ጋር ነው። ክፍያውን እናቱ ይቀበላሉ። አምሮቱ ከመጣበት ማጭዱን ጥሎ ይመጣል፤ ማንም "ለምን መጣህ?" አይለውም። ይሳካ አይሳካ ወደፊት የሚታይ ነው።

አንድ እርማትም አለን። መጀመሪያ ላይ "አራቱ ደኅና ተመለሱ" ብለን ጽፈን ነበር። ይህን ጽሑፍ እያዘጋጀን ሳለ ከአራቱ አንዱ ማታ ቤታችን መጥቶ ደጅ ላይ ቆመ። "እኔም እኮ እወስድ ነበር፤ ስሙን ስትሰርዙበት አይቼ ነው ዝም ያልኩት" አለን።

ወላጆች፣ የካምፑ ሽማግሌዎችና መምህራን፣ ከሎሪው በፊት ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት በትምህርት ቤቱ ራኩባ ሥር ነርሱ ይገኛል። የሚመጣ ሰው ስም አይጻፍም። ቡናውን እናቲቱ ያፈላሉ።

ቸር ይግጠመን።